ማሽኑ ለምን ልክ 5 ሚሊሜትር ይስታል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር አባይ ማዶ አንድ ፈርኒቸር ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሲኤንሲ ራውተራችን (በኮምፒውተር የሚመራው የእንጨት መቁረጫና መብሻ) ሰርቮ ሞተር ያለው ነው። ቦል ስክሩው (ማሽኑን የሚገፋው ጥርስ ያለው ዘንግ) በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ይሄዳል። ጠዋት ስንከፍተው ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ ሆም እናደርገዋለን። አንዳንድ ጠዋት ግን የኤምዲኤፍ ቦርዱ ቀዳዳ በሙሉ 5 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ሄዶ እናገኘዋለን። ደግመን ሆም ስናደርገው ይስተካከላል። እኔ ብረቱ ሌሊት በብርድ ተሰብስቦ ነው እላለሁ። ባለቤቱ ደግሞ ኢንኮደሩ ሞቷል ብሎ አዲስ ሊያዝ ነው። ማኑዋሉን ልየው ብል ሆም፣ ዜሮ፣ ሪፈረንስ፣ ኢንዴክስ፣ ኦፍሴት እያለ አዞረብኝ። የሆሚንግ ሜተድ የሚለው ላይ 1 ተሞልቷል። ልዩነታቸውን ቢያስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን «ኢንኮደሩ ለጊዜው ይቆይ» በለው። ኢንኮደር የሞተሩን መዞር የሚቆጥረው ዕቃ ነው። ከጻፍከው ውስጥ እኔን የያዘኝ «ጠዋት» የሚለው ቃል አይደለም፤ «5 ሚሊሜትር» የሚለው ነው። ስክሩው በዙር 5 ይሄዳል፤ ማሽኑም 5 ይስታል። አንድ ቀን 3፣ ሌላ ቀን 4.2 ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ልክ አንድ ዙር የሚስት ማሽን ቆጠራው አልጠፋበትም። ቆጠራውን የጀመረበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

የብርዱን ነገር በሒሳብ እንየው። 1 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀየር 0.012 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። በሌሊትና በቀን መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት አለ ብንል በሜትር 0.12 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። 5 ሚሊሜትር ለማምጣት ከ400 ዲግሪ በላይ ልዩነት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ትሞቃለች፣ ግን እስከዚህ አይደለም። ቢሆንም ብርዱን ጨርሼ ነፃ አላወጣሁትም። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቃላቱ። መብራት በሄደ ቁጥር ሆም የምታደርጉት ከሆነ ሞተሩ ጀርባ ላይ ያለው ኢንኮደር ኢንክሪመንታል የሚባለው ዓይነት ነው ማለት ነው። ይህ ዕቃ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ምን ያህል እንደሄደ ብቻ ነው። ውስጡ መስመር የተሠራበት ዲስክ አለ። ሲዞር ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ይልካል። ሞተሩን የሚያዘው ሳጥን፣ ድራይቩ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ አይቶ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ መዞሩን ይለያል። ዲስኩ ላይ 2,500 መስመር ካለ ድራይቩ የሁለቱን ምልክቶች መነሻም መውረጃም ስለሚቆጥር በአንድ ዙር 10,000 ያገኛል። በአንተ ስክሩ ላይ አንዷ ቁጥር 0.0005 ሚሊሜትር ናት። በጣም ደቃቅ ነው። ግን መብራት ሲሄድ ቆጠራው ሁሉ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ የትም ይቁም የት፣ የቆመበትን 0 ብሎ ይነሳል።

ዓይንህ ታስሮ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ተነስተህ እርምጃ እየቆጠርክ ትሄዳለህ እንበል። መሐል መንገድ ላይ ቁጥሩ ጠፋብህ። ያለህ አማራጭ አጥሩን እየዳሰስክ ወደ በሩ ተመልሰህ ከአንድ መጀመር ነው። ሆሚንግ ማለት ይኼው ነው። በሩ ሆም ነው።

ስለዚህ ሆም ብረቱ ላይ ያለ ቦታ ነው። ማሽኑ ሄዶ በስዊች ወይም በምልክት ያገኘዋል። ዜሮ ግን የስምምነት ቁጥር ነው። የሐይቅ ውሃ ከፍታ የሚለካበትን ሰሌዳ አስበው። ጣና ላይ ቢተከልም ሌላ ቦታ ቢተከል፣ የሰሌዳው 0 የሐይቁ መጨረሻ ጥልቀት አይደለም። ሰዎች «ከዚህ እንቁጠር» ብለው የመረጡት ቦታ ነው። ማሽን ላይም እንዲሁ ነው። ሆሙ ጥግ ላይ ሆኖ ዜሮው የጠረጴዛው ዳር ላይ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሆም ኦፍሴት ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ድራይቭ ኦፍሴት 20 ስትለው «ሆሙን 20 ብለህ ጥራው» ብሎ ይረዳል። ሌላው ደግሞ «ከሆሙ 20 ርቀህ ያለውን ቦታ ዜሮ በለው» ብሎ ይረዳል። በመጀመሪያው ሆሙ +20 ነው፤ በሁለተኛው −20 ይሆናል። ማኑዋሉን አምኖ ትልቅ ቁጥር መሙላት ማሽን ያስመታል። መጀመሪያ 1 ሚሊሜትር ሞልተህ ወዴት እንደሄደ በዓይንህ እየው።

ሪፈረንስ የሚለው አያስጨንቅህ። አንዱ አምራች ሆም የሚለውን ሌላው ሪፈረንስ ይለዋል። ከዚህ ሌላ የሥራ ዜሮ አለ። ቦርዱን የምታስደግፍበትን ጥግ መነሻ አድርገህ ፕሮግራሙ ላይ የምትሞላው ነው። እሱም ከሆሙ ተነስቶ ስለሚቆጠር ሆሙ ሲስት አብሮ ይስታል። ቀዳዳችሁ በሙሉ እኩል የሚሄደው ለዚህ ነው። እንዲያውም በየቦርዱ ጥግ ላይ አዲስ ዜሮ የሚያስይዝ ሰው ይህ ችግር ማሽኑ ላይ ለዓመታት ቢኖርም አያየውም። እናንተ ያያችሁት በቋሚ መደገፊያ ስለምትሠሩ ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ኢንዴክስ። ኢንኮደሩ ከኤ እና ቢ ሌላ ሦስተኛ ምልክት አለው። ዜድ ፐልስ ይሉታል፤ ኢንዴክስም ማርከርም ይባላል። በአንድ ሙሉ ዙር አንዴ ብቻ፣ ሁልጊዜም ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ይላል። ጥቅሙ ምን መሰለህ፣ ስዊች ብቻውን ለሆም አይበቃም። ስዊቹ ላይ ሰጋቱራ ይቀመጣል፣ ስፕሪንጉ ይላላል። ንባቡም ይዘገያል። ስዊቹን የሚያነበው ኮንትሮለር በየ10 ሚሊሰከንዱ የሚያይ ከሆነና ማሽኑ በሰከንድ 50 ሚሊሜትር እየሮጠ ከነካው እስከ 0.5 ሚሊሜትር ድረስ አሳልፎ ሊያየው ይችላል። በሰከንድ 2 ሚሊሜትር ቢሄድ ግን ስህተቱ 0.02 ነው። ሆሚንግ ሁለት ፍጥነት ያለው ለዚህ ነው። በፈጣኑ ስዊቹን ይፈልጋል፤ በዝግተኛው ጠርዙን ይይዛል። ዜድ ፐልሱን ደግሞ ድራይቩ ራሱ ወዲያው ስለሚይዘው መዘግየት የለበትም ማለት ይቻላል።

አንተ ጋ የተሞላው ሜተድ 1 እንዲህ ይሠራል። ማሽኑ ወደ ግራ ይሄዳል። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለውን የግራውን ሊሚት ስዊች ይነካል። ይቆምና ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ስዊቹን ለቅቆ ሲወጣ «ከአሁን በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዜድ ሆም ነው» ይላል። ያ ዜድ ሲመጣ ሆም አገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ ስዊቹ የሚለቅበት ጠርዝና ዜዱ ጎን ለጎን ቢገጥሙስ? ጠርዙ ከዜዱ በፊት 0.01 ሚሊሜትር ላይ ነው እንበል። በደህናው ቀን ስዊቹ ይለቃል፣ ወዲያው ዜዱ ይመጣል፣ ሆም ተያዘ። በአንዱ ጠዋት ስዊቹ 0.02 ሚሊሜትር ዘግይቶ ይለቃል። ያን ጊዜ ዜዱ አልፏል። ማሽኑ «የመጀመሪያውን ዜድ» መጠበቁን ይቀጥላል። ቀጣዩ ዜድ የሚመጣው አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ነው። ይኸው 5 ሚሊሜትር፤ ያውም ወደ ቀኝ።

ብርዱን እመለስበታለሁ ያልኩህ እዚህ ጋ ነው። ብርድ 5 ሚሊሜትር ማምጣት አይችልም። ስዊቹን በመቶኛ ሚሊሜትሮች መነቅነቅ ግን ይችላል። ስዊቹ ፕሮክሲሚቲ ሰንሰር (ብረት ሲቀርበው ሳይነካው የሚነቃ) ከሆነ የመንቂያ ርቀቱ ከሙቀት ጋር ትንሽ ይለዋወጣል። ሌሊቱን ያደረ ግሪስም ይወፍራል። ማሽኑ አንዴ ተንቀሳቅሶ ሲላላ ጠርዙ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ «ደግመን ሆም ስናደርገው ይስተካከላል» ያልከው ይህ ነው። ስለዚህ ግምትህ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ብርዱ ፀጉር ታክል ገፋው፣ ዜዱ አንድ ዙር አድርጎ አባዛው።

እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የማሸጊያ ማሽን እንዲሁ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይስት ነበር። የኢንኮደሩን ኬብል ቀየርኩ። ከሞተር ኬብሉ አራቅኩት፣ ሺልዱን ግራውንድ አደረግኩ። ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው ብዬ ምዬ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ኦፕሬተር ሞተሩን ከስክሩው ጋር በሚያገናኘው ካፕሊንግ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረና ጠራኝ። «ኢንጂነር፣ ሲስትም ሳይስትም መስመሩ ወደ ላይ ነው» አለኝ። ዘንጉ በሁለቱም ጊዜ የሚቆመው አንድ አቅጣጫ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ሙሉ ዙር ብቻ ነው ማለቱ ነበር። ያ ጠመኔ የኤሌክትሪክ ምልክት ከማይበት ኦሲሎስኮፔ በለጠ። አፈርኩ፣ ግን እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

አንተም ከዚያ ጀምር። ካፕሊንጉ ላይና ጎኑ ባለው ቋሚ ብረት ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። በደህና ቀን ሆም ካደረግክ በኋላ ይሁን። በሳተበት ጠዋት እየው። መስመሩ ገጥሞ ቦታው 5 ሚሊሜትር ከሄደ ነገሩ አበቃ። መስመሩ ካልገጠመ ግን ሌላ በሽታ ነው። ወይ ካፕሊንጉ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይ ኢንኮደሩ በእርግጥ ቁጥር እየጣለ ነው። የእነዚህ ስህተት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ እንዳንተ ሁሉንም ቀዳዳ እኩል አይገፋም።

ሁለተኛው ምርመራ በቁጥር ነው። ሆም አድርግና ድራይቩ ላይ የቦታውን ቁጥር የሚያሳየውን ሞኒተር ክፈት። ዜዱ ላይ 0 ነው እንበል። በጆግ (በእጅህ ቁልፍ እየተጫንክ) ቀስ ብለህ ወደ ግራ ውሰደው፣ የስዊቹ መብራት እስኪቀየር። ሶፍት ሊሚቱ (በቁጥር የተሞላው የጉዞ ድንበር) ከከለከለህ ለጊዜው አጥፋው፤ ስትጨርስ መልሰህ ማብራትህን ግን እንዳትረሳ። ሊሚቱን ሲነካ አላርም ቢጮህብህ አትደንግጥ። አላርሙን ብቻ አጥፋና በዝቅተኛው ፍጥነት ወደ ቀኝ መልሰው። የስዊቹ መብራት ወደ ቦታው ሲመለስ አቁምና ቁጥሩን ጻፍ። ሲነካና ሲለቅ ያለው ቦታ ስለሚለያይ የምትፈልገው የሚለቅበትን ነው።

በዙር 10,000 ከሆነ −5,000 አካባቢ ማየት ትፈልጋለህ። ጠርዙ ከሁለት ዜዶች መሐል ለመሐል ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ቢነቃነቅም ምንም አይሆንም። ከ−2,500 እስከ −7,500 ያለው ሁሉ ለእኔ ደህና ነው። በደህና ቀን −20፣ በሳተበት ቀን ደግሞ −9,990 አካባቢ ካየህ በሽታውን በእጅህ ይዘኸዋል።

ማስተካከያው በአለን ኪ የሚፈታ ነው። ዋናውን ማብሪያ አጥፋ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራብህ አድርግ። ስዊቹ የታሰረበት ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሞላላ ነው። ቡሎኑን አላልተህ በካሊፐር እየለካህ 2.5 ሚሊሜትር ወደ ግራ ግፋው። ወደ ግራ ያልኩህ በምክንያት ነው። ጠርዙ ከደህናው ዜድ ስለሚርቅ ሆሙ የደህናው ቀን ሆም ሆኖ ይቆያል፤ ዜሮህንም ኦፍሴትህንም መንካት አይኖርብህም። ወደ ቀኝ ብትገፋው ግን ሆሙ ለዘለቄታው 5 ሚሊሜትር ይዛወራል፤ ኦፍሴቱን መቀየር ይኖርብሃል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ይህ ስዊች ሊሚትም ስለሆነ ወደ ግራ ሲሄድ ከመጨረሻው ብረት ጋር ያለው ርቀት ይጠባል። ማሽኑ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ስዊቹን ነክቶ እስኪቆም የሚበቃ ቦታ መኖሩን አረጋግጥ። ካልበቃ ስዊቹን ተወው። ካፕሊንጉን ከሞተሩ በኩል አላልተህ፣ ስክሩውን ይዘህ የሞተሩን ዘንግ ግማሽ ዙር አዙረህ እሰረው። ያን ጊዜ ግን ሆሙ 2.5 ሚሊሜትር ስለሚዛወር ኦፍሴቱን ታስተካክላለህ። አንዳንድ ኮንትሮለር ግሪድ ሺፍት የሚባል ፓራሜትር አለው፤ ብረት ሳትነካ የዜዱን ቦታ በቁጥር ያዛውርልሃል።

ስለ ሜተዱ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ሲአይኤ 402 የሚባለውን ስታንዳርድ በሚከተሉ ድራይቮች ከ1 እስከ 14 ያሉት ስዊችና ዜድ አንድ ላይ ይጠቀማሉ። ከ17 እስከ 30 ያሉት ደግሞ ያው ናቸው፣ ዜዱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ 16 ደምር፤ የ1 ዜድ የለሽ ወንድም 17 ነው። 33 እና 34 ያለ ስዊች በዜድ ብቻ ነው የሚሠሩት። 37 ማሽኑን ሳያንቀሳቅስ «አሁን ያለህበት ሆም ነው» ይላል። ብልጥ ሰው «17 ብናደርገው 5 ሚሊሜትሩ ይጠፋ የለ?» ይል ይሆናል። አዎ ይጠፋል። ለእንጨት ሥራም ሊያስኬድ ይችላል። እኔ ግን አላደርገውም። የሆሙን ጥራት ሙሉ በሙሉ ሰጋቱራ ለሚቀመጥበት ስዊች አሳልፎ መስጠት ነው።

የቀሩትን ቃላት ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። ሊሚት ስዊች ማሽኑ ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚያቆመው የብረት ዘበኛ ነው። ሶፍት ሊሚት ያንኑ ሥራ በቁጥር ይሠራል፤ ከስዊቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሞላል። ሆም ሳይደረግ ሶፍት ሊሚት ዋጋ የለውም፤ ዜሮው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ድንበሩ ሊታወቅ አይችልም። ሆም ሲደረግ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ላይ የሚወጣው ዘንግ ይሁን። ቢላው ቦርድ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ መብራት ሄዶ ከነበረ ወደ ጎን የሚጀምር ማሽን ቢላውን ይሰብረዋል።

አብሶሉት የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ስለሚገባ ብዙ ሰው ያምታታል። አብሶሉት ኢንኮደር መብራት ቢሄድም ያለበትን የሚያስታውስ ነው። ዙሩንም የሚያስታውሰው መልቲ ተርን ይባላል፤ ብዙዎቹ በ3.6 ቮልት ባትሪ ነው የሚያስታውሱት። ባትሪው የሚቀየረው ድራይቩ በርቶ ሳለ ነው፤ ጠፍቶ ከነቀልከው ትዝታውን ይዞ ይሄዳል። አብሶሉት ሙቭ ግን ሌላ ነው። «ከዜሮው 300 ላይ ሂድ» ማለት ነው፤ ኢንክሪመንታል ሙቭ ደግሞ «ካለህበት 300 ጨምር»። ከኢንኮደሩ ዓይነት ጋር ዝምድና የላቸውም።

ፎሎዊንግ ኤረር በታዘዘው ቦታና በትክክለኛው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እየሄደ ሳለ መኖሩ ጤና ነው። ፖዚሽን ጌይኑ (ድራይቩ ልዩነቱን ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚያርም የሚወስነው ቁጥር) በሰከንድ 40 ቢሆንና በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ቢሮጥ፣ ሌላ ማካካሻ ከሌለው 2.5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል። ሲቆም ይደርስበታል። ሬይሉ በሰጋቱራ ሲታነቅ ግን ልዩነቱ ያድግና አላርም ይመጣል። ያን ጊዜ የአላርሙን ድንበር ከፍ የሚያደርግ ቴክኒሻን አለ። ብሩሽና ቫኪዩም ይሻለው ነበር።

ኢን ፖዚሽን ማሽኑ «ደርሻለሁ» የሚልበት ምልክት ነው። መስኮቱን 0.01 ካልከው ከዒላማው በ0.01 ሚሊሜትር ውስጥ ሲገባ ይናገራል። በጣም ካጠበብከው በየቀዳዳው ላይ ቆሞ ያስባል። በጣም ካሰፋኸው ሳይረጋ መብሳት ይጀምርና ቀዳዳው ይሰፋል።

ባክላሽ በስክሩውና በላዩ በሚሄደው ናት (ዳዶ) መካከል ያለው ልቅነት ነው። ሆሚንግ ሁልጊዜ በመጨረሻ ከአንድ ወገን የሚመጣው ይህ እንዳይነካው ነው። ክብ ቆርጠህ አራት ቦታ ላይ ትንሽ ደረጃ ካየህ መጀመሪያ ባክላሽን ጠርጥር።

ባለቤቱ «0.0005 የሚያነብ ማሽን እንዴት 5 ይስታል?» ብሎ ሳይጠይቅህ አይቀርም። ያቺ ቁጥር ሬዞሉሽን ናት፤ ማሽኑ የሚቆጥራት ትንሿ ነገር። ሪፒታቢሊቲ ደግሞ እዚያው ቦታ ደግሞ ደጋግሞ መምጣቱ ነው። አኪውሬሲ 300 ያልከው በእውነተኛ ሜትር 300 መሆኑ ነው። አንዱ ጥሩ ስለሆነ ሌላው ጥሩ አይሆንም።

ስዊቹን ካሰርክ በኋላ ሃያ ጊዜ ሆም አድርግ። በየጊዜው ስዊቹ የሚለቅበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። ከሃያው አምስቱ ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይሞቅ ይሁኑ። ቁጥሮቹ −5,000 ዙሪያ በ100 ውስጥ ከተሰበሰቡ ጨርሰሃል። ከ500 በላይ እየተበተኑ ከመጡ ስዊቹ ራሱ ደክሟል፤ ከኢንኮደር በብዙ እጥፍ ይረክሳል፣ ቀይረው። ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።